ከክሌተስ በር ወዲያ ያለው መሬት

ቬርና ዕድሜዋን ሙሉ ሉበክ ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች፤ ከዚያ በፎቶ ብቻ ያየችውን መሬት ገዛች። መሬቱ ያለው እኛ ጋ ነው፤ ምዕራብ ቴክሳስ፣ ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ፣ ከራቁት ተራሮቹ ሥር። መብራት የለው፣ ጉድጓድ የለው፣ ቁልቋልና ድንጋይ ብቻ። አንድ አሮጌ ቢጫ አውቶቡስ ወንበሮቹን ነቅላ፣ አልጋና ምድጃ አስገብታበት፣ እሱኑ እየነዳች መጣች። እኔ ቹይ ነኝ፤ በቦቴ ውሃ የማመላልስላት።

ወደ መሬቷ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የክሌተስን የከብት ግጦሽ ሰንጥቆ በብረት በሩ በኩል ያልፋል። ሻጩ ይህን አልነገራትም።

በመጣች ሰሞን ውሃ እየቀዳሁላት ሳለ ክሌተስ ሐብሐብ ይዞ መጣና ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤት። ሲያልፉ በሩን መዝጋት አይርሱ እንጂ ሌላ ጣጣ የለብንም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ከእኔ በፊት ሰው ነበረበት እንዴ?»

«እዚህ ላይ አልነበረም፤ ከጎኑ ባለው መሬት ላይ ግን ባልና ሚስት ነበሩ። ጎበዞች ነበሩ።» ወደ ተራራው አየ። «በኋላ መሬታቸውን የገዛሁት እኔ ነኝ። እርስዎም ሲሰለችዎት ሌላ ገዢ አይፈልጉ።»

«ኧረ ገና መምጣቴ ነው!» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሙቀቱ ሲጠና አንድ ቀን የውሃ ታንከሯን ባዶ ሆኖ አገኘችው። ከሥሩ ክብ ቀዳዳ ነበረበት። ጣቷን አስገብታ ዳበሰችው።

«ቹይ፣ ይሄ ጥይት ነው አይደል?»

«ይመስለኛል።»

«አዳኝ ስቶ ይሆናል» አለች፤ ግን ያመነችበት አልመሰለኝም። ደፈነችው፤ ሞላሁላት።

በሚቀጥለው ጉዞዬ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ክሌተስ ፒካፑን ተደግፎ ቆሟል።

«ተመለስ፣ ቹይ። ሴትዮዋ ሄዳለች።»

«በበሩ ያለፈ የአውቶቡስ ዱካ የለም፤ በየት በኩል ሄደች?»

«ሄዳለች አልኩህ።»

በዚያ ሐሩር ውሃ ያለቀበት ሰው ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ስልክ እዚያ አይሠራም። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ፤ ወዴትም አልሄድም አልኩት።

ያኔ ከወዲያ አቧራ ተነሣ። ቢጫው አውቶቡስ ነው። ክሌተስ እጁን እያወዛወዘ «ቁሚ!» አለ። አልቆመችም። በሩ ከነምሰሶው ተገነጠለ።

ቬርና ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ወረደች፤ የደፈነችው ቀዳዳ ዳግም አፍስሶባት ውሃዋ አልቆ ነበር። ማንንም ሳታናግር የቦቴውን የውሃ ቱቦ ይዛ ጠጣች፣ ጠጣች፣ በአናቷ ላይም አፈሰሰችው። ከዚያ ዞረችና፣

«በሩን አይርሱ ብለውኝ አልነበር? ይኸው፣ የሚዘጋ ነገር የለም።»

«አንቺ አሮጊት» አለ ክሌተስ፤ እርስዎ ማለቱን የተወው ያን ቀን ነው። «በጋው ገና ነው።»

የወረዳው ፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ፣ መጥቶ በሩንም የታንከሩን ቀዳዳም አየ፣ ቬርናንና ክሌተስን መክሮ ሄደ። ክሌተስ በሩን መልሶ አልተከለም። ከሰዓት በኋላ ግን ፒካፑን ከአውቶቡሷ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ያቆማል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ማንም አይወርድም። ቬርና በዚያ በኩል ያሉትን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍናለች።

ባለፈው ሳምንት ውሃ ስቀዳላት፣ «ለጥቂት ጊዜ እኛ ቤት ነይ፤ ባለቤቴም ደስ ይላታል» አልኳት።

«መሬቴ ነው፣ ቹይ» አለችኝ። ዓይኗ ግን ጉብታው ላይ ነበር። ታንከሩን ሞልቼ ቶሎ ወጣሁ።