የመንደራችንን ስም ፍለጋ ወደ ዞሰንሃይም

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ፕሮይንገስሃይም

ቅዳሜ እዚህ ጀርመን ካለው ቤቴ የወጣሁት ለአንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። የትውልድ መንደራችን ብርሃን አምባ አዲስ ትምህርት ቤት ሠርታ የስሟን ታሪክ ግድግዳው ላይ ልታስቀርጽ ነው፤ ጽሑፉ ዛሬ ማታ መላክ አለበት። ጻፍ የተባልኩት እኔ ነኝ። «ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፍባት ስለሆነች ነው» ይለኝ ነበር አባቴ፣ የአጥቢያ ዳኛው። ይህን የሚያረጋግጡልኝ ዞሰንሃይም የሚኖሩት የመንደራችን ሰው ጋሽ ተሰማ ብቻ ቀርተዋል። ነገ ለልብ ኦፕሬሽን ሆስፒታል ይገባሉ። ስለ ስሙ በጠየቅኳቸው ቁጥር ደግሞ ወሬ ይቀይራሉ!

4 ሰዓት፣ ቦከንሃይም

ከምድር ባቡሩ፣ ከኡባን፣ ወርጄ አውቶቡስ ያዝኩ። መንገዱ ተቆፍሮ ኡምላይቱንግ የሚሉት ተለዋጭ መንገድ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም እንሄዳለን። ሰዓቴን አሥር ጊዜ አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ጀርመናዊት አሮጊት ጭንቀቴን አይተው የምሄድበትን ጠየቁኝ፤ የመንደራችንን ስም ፍለጋ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እነዚህ ስማቸው በሃይም የሚያልቅ ሰፈሮችም መንደሮች ነበሩ» አሉኝ። «አጻጻፋቸው በየመዝገቡ ይለያያል። ሃይም ግን ቤት ነው። ከፊቱ ያለው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሰፈረው ሰው ስም ነው ይባላል።»

5 ሰዓት ተኩል፣ ዞሰንሃይም

በሩን የከፈተችልኝ የጋሽ ተሰማ ልጅ አልማዝ ናት። «አሥር ደቂቃ ብቻ፣ እንዳታደክማቸው» አለችኝ። ጋሽ ተሰማ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ።

«ጋሼ፣ አንቱ ካልነገሩኝ ማን ይነግረኛል?»

«ተወኝ ሰለሞን። አርባ ዓመት በሰው አገር አብረን በልተናል።»

«ታዲያ ምን ይደብቁኛል?»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ወልዴ አምባ ነበረች። ጫካውን መንጥረው የሰፈሩት ወልዴ አያቴ ናቸው። አባትህና አባቴ በድንበር ተጣሉ። የመንደሮች ስም በመዝገብ ሲጻፍ ብዕሩ በአባትህ እጅ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «አባቴ እንዲህ አያደርግም!»

ዳቦውን ወደ እኔ ገፉትና «ብላ» አሉኝ። አፈርኩ።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«አንተን እንዳላጣ።»

«ግድግዳው ላይ ምን ልጻፍ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብዕሩ ዛሬም እናንተ ቤት ነው።»

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቤት

ተመልሼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህች መንደር ወልዴ አምባ ትባል ነበር። ስሟን የለወጠው የእኔ አባት ነው።» ለትምህርት ቤቱ ከመላኬ በፊት ለጋሽ ተሰማ ላክሁት። ዞሰንሃይም ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን እኚህን ሰው ለመስማት አርባ ዓመት ፈጀብኝ።

ስልኩ ጮኸ።

«አልማዝ አነበበችልኝ» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ነገ ሆስፒታል የምታደርሰኝ አንተ ነህ። በጊዜ ና።»