አባቴ ከቅጥሩ ውጭ የቆመበት ምክንያት

አባቴ ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ሲተው ያስተውኩት እኔ መስሎኝ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎንደር ከተማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። በውይይት ክበብ ስለ ሃይማኖት ከንቱነት የተማርኩትን ሁሉ አባቴ ወደሚኖርበት ወደ ድብ ባሕር በሄድኩ ቁጥር እሱ ላይ አራግፈው ነበር። አንድ እሑድ ታዲያ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያስቀድስ አየሁትና ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም አልሸሸግኩትም። ዛሬ ደጅ የቆመ ነገ ቤቱ ይቀራል አልኩ። ክበቡ ውስጥም “አባቴ እንኳ ነቅቷል” ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ተጨበጨበልኝ።

ሁለት ዓመት እንዲያ ቆመ። ከዚያ ገበያ መሐል ራሱን ስቶ ወደቀና በጭነት መኪና ጎንደር አመጡት። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሐኪም በነርስ አስተርጓሚነት ሰገራው ላይ ደም ያይ እንደሆነ ጠየቀው።

“ሁለት ዓመት ሆነኝ” አለ አባቴ፣ ፊቱን ከእኔ አዙሮ።

“ምነው ሳይነግሩኝ?” አልኩት።

“ይህ ለሴት ልጅ ይነገራል? ደም የሚፈሰው ሰው ደግሞ ቤተ መቅደስ አይገባም። ደጅ መቆሙም ሸጋ ነው።”

ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በእሱ፣ ኋላ በራሴ። እሱ ደሙ ሲፈስ እኔ ይጨበጨብልኝ ነበር።

ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ረጅም ቀጭን ጎማ ከታች አስገብቶ ትልቁን አንጀት ሲያይ እባጭ አገኘ። በዚያው ጎማ ውስጥ ሽቦ አሳልፎ ሥሩን አነቀና በኤሌክትሪክ ቆረጠው። ነቀርሳ እንዳይሆን ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ነርሷን ባየኋት ቁጥር ስለ ነቀርሳው እጠይቅ ነበር። አባቴ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደሙ ይቆማል ወይ?

ነቀርሳ አልነበረም። ድሮ ጣና ዳር ለአጨዳ ወርዶ ውኃ ውስጥ ሲገባ የያዘው ቢልሃርዚያ የተባለ የትል በሽታ ነው፤ የትሉ እንቁላል አንጀቱ ውስጥ ተከማችቶ አሳብጦታል። ኪኒን ሰጡት፤ ደሙ ፈጽሞ መቆሙን ለማረጋገጥ በወሩ ይመለስ አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ እኔው ራሴ እዚያው ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። የክበቡ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አባቴ ቅጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ይግቡ እንጂ አባዬ፣ ደሙ እኮ ቆሟል።”

“ሐኪሙ ወር ብሏል። እስኪያይልኝ እዚሁ ነኝ።” ወደ እኔ ዞረና፣ “ምነው፣ ደጅ ስቆም ደስ ይልሽ አልነበር?” አለኝ።

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥኩና ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቡ ቆምኩ።