ከአዳማ እስከ ባቱ፣ ፍሬኑን እያወቅኩ

ከንጋቱ 12፡10፣ አዳማ

ሰፈራችን ገና ባጃጅ አልተንጫጫበትም። መኪናዋ ደጄ ላይ ቆማለች፤ ጥቁር፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይርቅ የስፖርት መኪና። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው ያገለገለች የገዛኋት። እንደ እኔ ላለ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ የማትሆን መሆኗን ለመረዳት ሦስት ወር በቂ ነበር። ቀሪውን ጊዜ በእልህ ነው የያዝኳት።

ዛሬ ሻሸመኔ ወስጄ ላስረክባት ነው። ገዢው ገመቹ ይባላል፤ የሻሸመኔ ልጅ፣ ድንችና ሽንኩርት የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር። ትናንት መጥቶ አያት፣ ቀብድ ከፈለ፣ እዚሁ አደረ። ስም የምናዛውረው እሱ አገር ነው።

"አካም ቡልተን፣ ጋሼ ሰለሞን!" አለኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ከዚያ መኪናዋን ዞራት፤ ጣሪያዋን በመዳፉ ዳሰሰ። "አሥራ ሁለት ዓመት አይሱዙ ነዳሁ። በህልሜ የምነዳው ግን ይቺን ነበር።"

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሸኘችን። እሱ ቦርሳውን ሲያስገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ነግረኸዋል አይደል?"

"መንገድ ላይ እነግረዋለሁ።"

የምነግረው ይህን ነበር። ባለፈው ሳምንት መካኒኬ ጋሽ ታዬ ጎማዋን ፈቶ አሳየኝ። የፊት ፍሬን ሸራው ሳስቷል፣ የፍሬን ዘይቱም አርጅቷል። "ከተማ ውስጥ ቀስ እያልክ ትነዳታለህ" አለኝ። "በፍጥነት ሄደህ ደጋግመህ ከያዝክ ግን ዘይቱ ይፈላል፤ ፔዳሉ ባዶ ይሆንብሃል።" ዕቃው ከዱባይ ነው የሚመጣው፤ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ዋጋውም ያንገሸግሻል። እስከዚያ ገዢው ያመልጠኛል ብዬ ዝም አልኩ።

12፡50፣ ሞጆ

የጭነት መኪኖች ሰልፍ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ። መንገድ ዳር ሻይና ቦምቦሊኖ ያዝን። ከተማው መሐል ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስንሻገር የመኪናዋ ሆድ አስፋልቱን ፈገፈገው። ገመቹ የራሱ ጎን የተፋቀ ይመስል ፊቱን አጨማደደ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ሁልጊዜ። በሰያፍ ካልገባህ አታልፍም።"

"ጎማስ?"

"አራቱን ስቀይር የስድስት ወር የሱቅ ኪራይ ሄደ። ትርፍ ጎማም የላትም።"

"ቤንዚን ትጠጣለች አሉ።"

"ወረፋው ላይ የምታውቀው ሰው ይኑርህ።"

ሳቀ። ሊገዛ የወሰነ ሰው መስማት የሚፈልገውን እየሰማ እንደሚስቀው። ትንንሾቹን ጉድለቶች አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሐቀኛ እየመሰልኩ። ትልቁን ግን ዘለልኩት። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ሻዩ አወራሁ።

1፡20፣ የፍጥነት መንገዱ

የክፍያውን በር እንዳለፍን መንገዱ ባዶ ሆኖ ተዘረጋ። በግራ በኩል የቆቃ ውሃ ያብረቀርቃል።

"ጋሼ፣ እስቲ እኔ ልያዛት?"

እምቢ የምልበት ምክንያት እውነቱን መናገር ብቻ ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩና መሪውን ለቀቅኩለት።

እንደ ባለሙያ ነው የሚነዳው። መጀመሪያ ሰማት፤ ከዚያ ለቀቃት። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። አጥሩና ግራሩ አንድ መስመር ሆኑ። ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ቀበቶው ደረቴን ነከሰኝ።

"ትቆማለች!" አለ በደስታ። እንደገና አስፈነጠራት፣ እንደገና ያዘ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

"ገመቹ፣ ቀስ በል።"

"አይዞዎት!"

"ገመቹ፣ ፍሬኑ..."

ላሞቹን ሁለታችንም እኩል አየናቸው። አጥሩ ከተቀደደበት በኩል ወጥተው መንገዱን ሞልተውታል። እግሩ ወደ ፔዳሉ ሲሄድ፣ ፔዳሉም ምንም ሳይገታው እስከ ወለሉ ሲወርድ አየሁ። አንዴ ረገጠው፤ ሁለቴ። ምንም የለም።

አልጮኸም። ማርሹን ወደ ታች መታ፣ ሞተሩ አጓራ፤ ደግሞ መታ። በቀኝ እጁ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ፣ በአንዲት ነጭ ላምና በአጥሩ መሐል አሾልኮን ሣሩ ላይ ወጣ። በእሱ በኩል ያለው መስታወት አንድ ነገር ነካ፤ ጭራ መሰለኝ። ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ ጸጥታ።

የላሞቹ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። "ማል ታተን?" አሉ፤ ምን ሆናችሁ ነው። ገመቹ በኦሮምኛ ደህና ነን አላቸው። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረ።

"ፍሬኑ ብለሃል። ላሞቹን ሳታይ በፊት ነው ያልከው።"

ቀበቶዬን ፈታሁ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ወርዶ የብረት አጥሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ ያዘ። "ሁለት ልጆቼ ደጅ ቆመው እየጠበቁኝ ነው" አለ፤ ለእኔ የሚናገር አይመስልም። ይምታኝ ብዬ ተመኘሁ። አልመታኝም።

4፡20፣ ባቱ

ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ጠበቅን። እኔ ልንዳት ብዬ ብለምነውም ቁልፉን አልሰጠኝም። "አሁን ስለማውቃት አልፈራትም" ብሎ በአርባ እየነዳ፣ በማርሽ እያስቆመ ባቱ አደረሰን።

ጋራዥ በር ላይ ቆመን "ሌላስ?" አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ፀሐይ ሲበረታ የሚሞቀውን ሞተር፣ ከሥሩ የሚያንጠባጥበውን ዘይት፣ ሊያያት ከመምጣቱ በፊት በኮምፒውተር ያስጠፋሁትን ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት። ላስጠግናት ያወጣሁት ተደምሮ ከገዛሁበት ግማሽ መድረሱን። ቀብዱን እዚያው ቆሜ በስልኬ መለስኩለት።

ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ እየተጠበሰ ነበር። "ቁርስ እንብላ" አልኩት።

"ዛሬ ካንተ ጋር አልበላም" አለ፤ ሳይቆጣ። ቦርሳውን አንግቶ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

9፡15፣ አዳማ

መኪናዋን ባቱ ትቼ በሚኒባስ ተመለስኩ። ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ እሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር የእኔ እግር ወለሉን ይረግጣል። አጠገቤ ያለች ሴት "ያምዎታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ባለቤቴ ያለ መኪና ስገባ ስታይ መጀመሪያ ፊቷ በራ። ፊቴን ስታይ ግን ወንበር ሳበችልኝ። ሳልጨርስላት ስልኬ ጮኸ። ገመቹ ነው። ለማንሳት ፈራሁ፤ አነሳሁት።

"ጋሼ፣ ገቡ?"

"ገባሁ። አንተስ?"

"ገብቻለሁ። ልጆቹ መኪናዋስ ብለው አለቀሱብኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የዛሬውን ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። እርስዎ ግን ይናገሩት።"

ይኸው ተናገርኩት።