ለእማማ ሰዓዳ የነገርኳቸው

ከቤት የወጣነው ሊነጋ ሲል ነው፤ ጓደኛዬ ዘይነብ ሳቋ አልቆም ብሏት ነበር። ሁለታችንም አስራ አምስት ዓመታችን ነበር። ከሐይቅ በላይ ካለው ቀበሌያችን በጉም ውስጥ እየተደናበርን ወደ አስፋልቱ ስንወርድ፣ እኔ በብርድ ስንቀጠቀጥ እሷ "ሳዑዲ ስንገባ ይሄን ብርድ ትናፍቂዋለሽ!" ትለኛለች። ደላላው ከድር ከሌሎች ልጆች ጋር በአይሱዙ ጭኖ ሰመራን አሳለፈንና "ከዚህ በኋላ ትንሽ የእግር መንገድ ናት" አለን።

ከድንበሩ፣ ከገላፊ ወዲያ፣ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ባለበት ሜዳ ላይ ውሃችን አለቀ። ዘይነብ ተቀመጠች፣ መነሳት አቃታት። ከድር "የሚጠብቃት ካለ አብሯት ይቅር" ብሎ ሌሎቹን ይዞ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ሰው ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮህኩ። ጭኔ ላይ እንደተኛች አረፈች። በማግስቱ ግመል የሚጠብቁ አንድ የአፋር ሽማግሌ አገኙን፤ ለእኔ ወተት ሰጡኝ፣ እሷን ፊቷን ወደ ቂብላ አዙረው ቀበሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፄ አልወጣ አለ።

ሽማግሌው ወደ ገላፊ መልሰው አደረሱኝ። እዚያ የድንበር ጥበቃ ሹሙ "ስምሽ ማነው?" ሲለኝ ዝም፤ "የማን ልጅ ነሽ?" ሲለኝም ዝም።

"ዱዳም ሳዑዲ መሄድ ጀመረ እንዴ?" አለ ለጓደኛው።

"አሠሪዎቹ እኮ የሚፈልጉት እንዲህ ያለችዋን ነው!"

ሳቁ። ከዚያ ብስኩት ሰጥተው ወደ ሰመራ በሚመለስ የጭነት መኪና አሳፈሩኝ።

ሹፌሩ ያደረሰኝ እትዬ አስካለ ጋ ነው። ከጎጃም መጥተው ለሹፌሮች ምግብ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሳህን አጣቢ ሆንኩ፣ ከጓዳ አልወጣም። ሰመራ ነፋሱ እንኳ ይፈጃል፤ እኛ አገር ሲመሽ ጋቢ ይደረባል፣ እዚህ አልጋ ወደ ደጅ ይወጣል። አከራያችን "ሰው ጨምረሻል" ብለው ሲነዘንዙ እትዬ አስካለ "አትናገር፣ በደንብ አትበላ፣ ግማሽ ሰው ናት" አሏቸው።

"ውሃ ላይ ግን ሙሉ ሰው ናት!" አሉ አከራያችን።

እትዬ አስካለ የአገር ስም እየጠሩልኝ፣ ሐይቅ ሲሉ ራሴን ብነቀንቅ፣ በሹፌሮች አጠያይቀው ቤተሰቦቼን አገኙ። ከዚያ ወዲህ የዘይነብ እናት፣ እማማ ሰዓዳ፣ ይደውሉልኛል። ከድር "ጅዳ ገብታለች" ብሏቸዋል። "ደህና ናት አይደል? ለምን አትደውልልኝም?" ይሉኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተነፍሳለሁ፣ ሌላ ነገር አይወጣኝም።

በኋላ እትዬ አስካለ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ቤት ሲከፍቱ ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ቀን አስተናጋጇ ቀርታ ሳህን ይዤ ወጣሁ። ከድር ሁለት ልጃገረዶች አስከትሎ ተቀምጧል። እሱ ጥብሱን ይጎርሳል፣ እነሱ አንድ ሽሮ ይጋራሉ።

"ትንሽ የእግር መንገድ ናት" ይላቸዋል።

"ውሸት ነው!"

ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር አልኩ። እኔ ነበርኩ።

"ዘይነብን የት እንደተውካት ንገራቸው!"

ከድር የጎረሰውን ሳይውጥ "ይቺ... ዱዳ ሆናለች አላሉም እንዴ አገር ቤት?" አለ።

ነገርኳቸው። ድምፄ ሻካራ ነበር፣ አንዳንዱ ቃል ተቆርጦ ይቀራል፣ እንደገና እጀምረዋለሁ። ቤቱ በሙሉ መብላት አቆመ። አንዷ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገብታ እኛ ጋ ቀረች። ሌላዋ ግን፣ እጇን ይዤ ብለምናትም፣ "ለእሷ ያልሆነ ለእኔ ይሆናል" ብላ ተከትላው ሄደች። እስከ ዛሬ ወሬዋን አልሰማሁም።

የዚያኑ ቀን ደወልኩ። "እማማ ሰዓዳ፣ እኔ ነኝ፣ ሩቂያ።"

"ተናገርሽ! አልሐምዱሊላህ! ዘይነቤስ?"

ነገርኳቸው። "ብቻዋን ነበረች?" አሉኝ።

"አይደለም። ጭኔ ላይ ነበረች።"

አለቀሱ፤ አብሬያቸው አለቀስኩ። "ነገም ደውይልኝ" አሉኝ።

አሁንም እደውላለሁ። ዘይነብ ምን ትል እንደነበር፣ መንገድ ላይ ምን እንዳሳቃት ይጠይቁኛል፤ ሁሉን እነግራቸዋለሁ። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ግን "አንቺስ መቼ ትመጫለሽ?" ይሉኛል። ሁለት ሆነን የወጣንበትን ደጅ ብቻዬን ስገባ አስበዋለሁ፤ ያኔ "ነገ እደውላለሁ" ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።