አሸዋው ውስጥ አትግባ

ሰው ሰውን በረሃ ለቆ እንደ አውሬ በጠመንጃ የሚያድንበትን ፊልም አልወድም። ስንቱን ተርጉሜያለሁ፣ ግን አልወድም። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ቤት የሚሞላ ፊልም የለም። የፍቅር ፊልም ሲከፈት የባጃጅ ሹፌሮቹ እያዛጉ ይወጣሉ። አንድ ድሃ ባዶ እጁን ከተለቀቀና ባለመነጽር ሀብታም ከኋላው ከተከተለው ግን ቦታ ያጣው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያያል።

ሥራዬ ይሄ ነው። አጎቴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከስክሪኑ አጠገብ በርጩማ አለችኝ፣ ማይክ አለኝ። ፈረንጁ አፉን ሲከፍት ድምፁን ቀነስ አድርጌ እኔ እናገራለሁ። ዛሬ ያቺን በርጩማ ማንም አይነካብኝም። እንዴት እንዳገኘኋት የሚወራው ግን ግማሹ ውሸት ስለሆነ እኔው ልናገር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ሽንኩርት ስለይ ከረምኩ፤ የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደህናውን ወደ ጆንያ። ሥራ አልንቅም፣ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ ስትናደድ «ይቺ ልጅ ስትወለድም ቆማ ነው የተወለደችው» ትላለች።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ተርጓሚ ጥሎት አዲስ አበባ ገባ። አጎቴ ፊልሙን ያለ ተርጓሚ ሊያሳይ ሞከረ፤ ሰዉ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። ቤቱን ፑል ቤት አደርገዋለሁ ማለት ሲጀምር ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ልሞክር።»

«አንቺ? የሩጫ ፊልም?» ሳቀ። «ይስቁብሻል እኮ።»

«ይሳቁ። እንግሊዝኛ ከክፍላችን የሚበልጠኝ አልነበረም።»

አጎቴ ክርክር አይወድም። «አንድ የገበያ ቀን እሰጥሻለሁ» አለኝ። «ፊልሙ ሳያልቅ ወንበሩ ባዶ ከሆነ አንቺም ወደ ሽንኩርትሽ፣ እኔም ወደ ፑሌ።»

ፊልሙን ሦስት ጊዜ አየሁት። የተባለውን በሙሉ ደብተር ላይ ገለበጥኩት፣ ቃል ሳይቀረኝ። የድሮው ተርጓሚ ያልተባለ ነገር እየጨመረ ነበር የሚያስቃቸው። እኔ አልዋሽም አልኩ። ኩራቴ እዚያ ደብተር ላይ ነበር።

በገበያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። የቆርቆሮው ጣራ ይጋገራል፣ ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ከፊት፣ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከታች ቆላው ማሾ ያመርታሉ። በጉብዝናቸው ግመል ነጋዴ ነበሩ፤ የጠፋ ግመል በዱካው ተከትለው ከየትም የሚያመጡ። በየገበያው ማሿቸውን ሸጠው ሲጨርሱ እኛ ቤት ይገባሉ። የአባባን አስተያየት ለመስማት ብቻ የሚመጣ ሰው ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። አራት ሀብታሞች አንድ ሰውዬ ከመኪና አውርደው ሩጥ ይሉታል። ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ፤ «‹ለመዝናናት ስንል አድነን እንገድልሃለን› ሲል ተናገረ።»

«ቆይ፣ ለምንድነው የሚገድሉት?» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር።

«ለመዝናናት።»

«ደም አላቸው?»

«የላቸውም።»

«መሬት ቀምቷቸው ነው?»

«አልቀማም።»

«ታዲያ ሥጋውን ሊበሉት ነው?»

«ለመዝናናት ነው አልኩህ!»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱብሃነላህ! ምን ዓይነት ሥራ ፈት ነው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የመጀመሪያው ሳቅ እሱ ነበር፣ እሱም የኔ አይደለም።

ማንበቤን ቀጠልኩ። «‹እባክህን ተወኝ› ሲል ለመነ። ‹አንተውህም› ሲሉ መለሱ።»

«የሁለት ሰዓት ዜና ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እህቴ፣ የአየር ሁኔታውን እንዳትረሺብን!»

ሦስት ሹፌሮች ተነስተው ወጡ። ውጪ ባጃጃቸው ሲነሳ ሰማሁት። አጎቴ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ወለሉን ያያል፤ ፑሉን የት እንደሚያስቀምጥ በዓይኑ እየለካ እንደሆነ ገባኝ።

እኛ ቤት የአስር አዛን ሲል ፊልም ይቆማል። ሰጋጁ መስጊድ ደርሶ ይመጣል፣ ሌላው ደጅ ወጥቶ ውሃ ይጠጣል። ወንበሩን የፈለገ ኮፍያውን ትቶ ይሄዳል። አባባ ዱላቸውን ያጋድማሉ። ዱላው ወንበሩ ላይ ካለ ይመለሳሉ ማለት ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም።

አዛን አለ። አቆምኩት። አባባ ተነሱ። ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

እሳቸው ካልተመለሱ ሌላው እንደማይመለስ አውቃለሁ። ተከትዬ ሮጥኩ። መስጊዱ በር አካባቢ ቧንቧው ጋ ውዱእ ሊያደርጉ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ደረስኩባቸው።

«አባባ፣ ዱላውን ይዘው ወጡ እኮ!»

«አዎ፣ ይዤ ወጣሁ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አላጠፋሽም። አንቺ ደብተርሽን ታያለሽ፣ እኛ ሰውየውን እናያለን። ቅጠል እየጎተተ ዱካውን ሲያጠፋ አየሽው?»

«አየሁት።»

«ዱካ እንዲያ አይጠፋም። ቅጠል የተጎተተበት አሸዋ ከእግር ይበልጥ ይታያል፣ ልጅ እንኳ ይከተለዋል። እኛ ይሄን ስንጮህ አንቺ ‹ሲል ተናገረ› ትያለሽ። ነፍሴ አውጪኝ ብሎ የሚሮጥ ሰው መቼ ይናገራል?» ውሃውን ከፈቱት። «የሮቢት ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ለምን እንደ እንግዳ ታይዋለሽ?»

ተናደድኩ። ስመለስ መንገድ ላይ ግን ንዴቱ አለቀና እፍረቱ ቀረ፤ እውነታቸውን ነው።

ከሶላት በኋላ ግማሹ ተመለሰ። አባባም መጡ፤ ግን አልተቀመጡም፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። ደብተሬን በርጩማዋ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበትና ፊልሙን ከፈትኩት።

ሰውየው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይሮጣል፤ አዳኞቹ ውሻ ለቀውበታል። የቅጠሉን አወዛወዝ አየሁና ማይኩን አፌ ላይ ለጠፍኩት። «አንተ ሰውዬ! ነፋሱ ሽታህን ወደ ውሾቹ እየወሰደው ነው! ያሸቱሃል፣ ዙር!»

«ዙር በይው!» አለ የባጃጁ ሹፌር።

«አባባ፣ በየት ይሂድ?» አልኩ በማይክ።

«በድንጋዩ። ድንጋይ ዱካ አይዝም።»

«በድንጋዩ ሂድ ተብለሃል!»

ሰውየው ወደ ድንጋዩ ታጠፈ። ቤቱ የሰማን መስሎት ጮኸ። ደጅ ቀርተው የነበሩት እየተጋፉ ገቡ።

ከዚያ ወንዙ ጋ ደረሰ። ውሃ የሌለው፣ ሰፊ፣ ነጭ አሸዋ። ሰውየው ወርዶ መሮጥ ጀመረ። ከበስተጀርባው ያለው ተራራ ጥቁር ደመና ለብሷል። ያንን ደመና ሦስት ጊዜ አይቼ አላየሁትም፤ ደብተር ላይ አቀርቅሬ ነበራ።

እኔ ሮቢ ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ልጅ ሆኜ አሸዋው ላይ ልብስ አስጥቼ ስጫወት እናቴ ከላይ ሆና «ውጪ!» ብላ ጮኸች። ፀሐይ ነበር፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ደጋው ብቻ ጠቁሯል። ገና ዳገቱን ስወጣ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ የመጣ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ልብሳችን የለም። አሸዋውም የለም። ቡናማ ውሃ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ያልፋል።

ፊልሙ ላይ ጎርፍ እንደማይመጣ አውቃለሁ። አፌ ግን አልጠበቀኝም። ብድግ አልኩ። «አሸዋው ውስጥ አትግባ! ደጋው ጠቁሯል! ውጣ!»

ቤቱ በሙሉ ተነሳ። «ውጣ! ውጣ! ጎርፍ!» አጎቴ ራሱ በሩ ላይ እጁን እያወናጨፈ ይጮሃል።

ሰውየው አልወጣም። አሸዋው ላይ ተጋድሞ ተደበቀ። አዳኞቹ አልፈውት ሄዱ። ምንም አልመጣም።

«ጎርፉስ?» አለ አንዱ።

የድሮው ተርጓሚ ቢሆን አንድ ነገር ፈጥሮ ይሞላት ነበር። «ጎርፍ የለም» አልኩ በማይኩ። «አይመጣም። ፊልሙን ሦስቴ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አስጮኸሽ?»

«ሮቢ ዳር ነው ያደግኩት።»

ማንም አልሳቀም። አጎቴ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አባባ አየ።

አባባ ከበሩ ተነስተው፣ ሰው እያሳለፋቸው፣ ወደ ፊት መጡ። «ልጅቷ ታውቃለች» አሉ። «የማያውቀው ፊልሙን የሠራው ነው። ደጋው እንዲያ ጠቁሮ አሸዋ ላይ የተኛ ሰው በሕይወት አይነሳም፣ ወላሂ!» ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ። «ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው አንድ ሰው አልወጣም።

አጎቴ ማመስገን አያውቅበትም። በማግስቱ ደጅ ያለው ሰሌዳ ላይ ከፊልሙ ሥር በጠመኔ «ተርጓሚ፦ የሮቢዋ ልጅ» ብሎ ጻፈ፣ ስለ ፑልም ሁለተኛ አላነሳም። አሁን ክረምት ላይ ደጋው ሲጠቁር የባጃጅ ሹፌሮቹ ድልድዩ ላይ ቆመው ከታች አሸዋ ለሚጭኑት ሰዎች ድምፄን እያስመሰሉ ይጮሃሉ፤ «አሸዋው ውስጥ አትግባ!» ሊያላግጡብኝ ነው። የሚጭኑት ግን አካፋቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ እኔም አልከፋም።

ያኔ ግን፣ ከዚያ የመጀመሪያ ቀኔ ቀጥሎ በመጣው የገበያ ቀን፣ አዛን ሲል ፊልሙን አቆምኩና ዓይኔን ወንበሩ ላይ ተከልኩ። አባባ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ዱላቸውን አጋድመው ወጡ።