ለእድር የተተኮሱ በራዶች

በ1956 ዓ.ም. ክረምት መካኒሳ ውስጥ በአንዲት ክፍል ቤት ሁለት ነገር ይደርቅ ነበር፤ ጭቃና ሰው። ጭቃው በዝግታ፣ ሰውየው በጥድፊያ። የቤቷ ባለቤት ጤናዬ ብትችል ኖሮ የሁለቱን ፍጥነት ታለዋውጠው ነበር።

ጭቃው ለሻይ ማፍያ የተሠራ በራድ ነው። ሰውየው ባሏ ሞልቱ ነው።

ጤናዬ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህን ስል የእጇን ሙያ መናገሬ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ልጁን ወደ ጓሮ ያስገባል። ወጡን በእሷ ድስት ያንተከትካል፣ ውሃውን በእሷ እንስራ ያመላልሳል፣ ጠላውን በእሷ ጋን ይጠምቃል፤ እሷ በደጁ ስታልፍ ግን የሕፃኑን ፊት በነጠላ ይሸፍናል። ዓይኗ ሰው ይበላል አሉ። በብርጭቋቸው አትጠጣም፣ ከመሶባቸው አትቆርስም። ፈረንጅ ጨረቃ ላይ መውጫ መሰላል በሚያበጅበት ዘመን መካኒሳ የሴት ዓይን ትፈራለች። ሥልጣኔ ከነፋስ ስልክ ተነሥታ ወደዚህ ስትመጣ ሁልጊዜ ሐምሌ ይሆንና ጭቃ ይዟት ትቀራለች መሰለኝ።

ሞልቱ አፈር ቆፋሪዋ፣ እንጨት ፈላጭዋ፣ ገበያ ድረስ ተሸካሚዋ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሳል ይዞት ከመደቡ አልወረደም። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ምች፤ ደም መትፋት ሲጀምር ሁሉም ዝም አለ። ጤናዬ እንደሚሞት ከማንም ቀድማ ዐውቃለች። ቀን ከሌት የሚያስጨንቃት ግን ሞቱ አልነበረም፤ ቀብሩ ነበር።

መካኒሳ ላይ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍረው እድር ነው፤ የሚሸከመውም፣ ድንኳን የሚተክለውም፣ ለቀስተኛውን ሻይ የሚያጠጣውም እድር ነው። እድር የሌለው ሟች የማንም አይደለም። ከዓመት በፊት ልብስ አጣቢዋ ፅጌረዳ ሞታ ሬሳዋን የወሰደው የድንጋይ ጋሪ ነው። ከኋላ ልጇ ብቻዋን እያለቀሰች ትሮጣለች፣ ከፊት ባለጋሪው አህያውን ይሳደባል፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሬሳዋ እግር ከሰሌኑ ይወጣል። ጤናዬ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆማ አይታለች። ከዚያ ወዲህ የጋሪ ድምፅ በሰማች ቁጥር ዞር ብላ ባሏን ታያለች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ቸኮል ናቸው፤ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ማኅተም የሚመቱ፣ ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላ፣ ባያነቡትም ጋዜጣ ከብብታቸው የማይለይ ሰው። ጤናዬ ደጃቸውን ደጋግማ ጠንታለች። እምቢ ብለዋት አያውቁም፤ እምቢ ማለት ያልሠለጠነ ሰው ወግ ነው። ቦታ ሞልቷል ነው የሚሏት። እድር አውቶቡስ ነው እንዴ? በዚያው ወር ከጎጃም የመጣ አንድ ዘበኛ ገብቷል፤ ምናልባት ቆሞ ይሆናል።

በሰኔ ግን የእድሩ የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ቂጡ ተበሳ። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ለቀስተኛ ፊት፣ ሻዩ ፈስሶ እሳቱን አጠፋው። ሻይ የሚያፈሉትን ሴቶች የምታዘው ወይዘሮ ተሾመች፣ የሸክላ በራድ ሻይ ቶሎ እንደማያቀዘቅዝ፣ ዝገት ዝገትም እንደማይል ተናገረች። እንዴት ዐወቅሽ ያላት የለም። ቤቷ ውስጥ የጤናዬ በራድ እንዳለ፣ በሰው እጅ አስገዝታ በስልቻ ደብቃ እንዳስገባችው ሁሉም ያውቃል። አቶ ቸኮል ጤናዬን አስጠሩና ለእድሩ የሚበቃ በራድ እንድትሠራ አዘዙ። ለነሐሴው ስብሰባ ካደረሰች፣ ሥራውም ደህና ከሆነ፣ የባሏን ነገር እናየዋለን አሏት። እናየዋለን! አገሪቱ በሞላ የተደገፈችው በዚህች ቃል ነው።

ጤናዬ ግን ይህችኑ ቃል እንደ ውል ይዛ ወንዝ ወረደች። አፈሩን ራሷ ቆፈረች፣ ራሷ ተሸከመች። የተሰባበረ ገል ወቅጣ ከጭቃው ጋር ለወሰች፤ ያለ ገል ዱቄት ጭቃ እሳት አይችልም። ሆዱ ሰፋ ያለ፣ አንገቱ አጠር ያለ፣ ማፍሰሻው ሽቅብ የተቀለበሰ በራድ አንድ በአንድ አቆመች። ማፍሰሻው ከሆዱ በሚጋጠምበት በኩል ቅጠሉን የሚያስቀር ቀዳዳ በእሾህ ወጋች። ክዳኑን አበጀች። በወንዝ ጠጠር ፈትጋ አለሰለሰችው። እስከዚህ ድረስ እጇ ያውቀዋል፤ ጭንቋ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በራድ የሚያታልለው መጋጠሚያው ላይ ነው። ሆዱ ደርቆ፣ ክዳኑ ደርቆ፣ እዚያች የማፍሰሻው ሥር ላይ ትንሽ ርጥበት ይደበቃል፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ያች ርጥበት በራዱን ታፈነዳዋለች። በበጋ ጥላ ውስጥ ይቆይና ፀሐይ ይጨርሰዋል። በሐምሌ ፀሐይ ከየት ይምጣ? ያለው የቤት ምድጃ ብቻ ነው። ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ ወገን ምድጃ፣ በአንድ ወገን ሞልቱ። እንጨቱ ርጥብ የባሕር ዛፍ ስለሆነ ከመንደዱ መጨሱ ይብሳል።

እንግዲህ እሳቱን ስታነድ በራዱ ይደርቃል፣ ሞልቱ ይታፈናል። እሳቱን ስታጠፋ ሞልቱ ይተነፍሳል፣ በራዱ ይላቁጣል። አንዱን ለማዳን አንዱን መግደል ነው። ሰውየውን በወግ ለማስቀበር ሰውየውን ማጨስ! አቶ ቸኮል ይህን ጊዜ በጃንጥላቸው ሥር ሆነው ስለ እድገት ያወሩ ነበር።

ጤናዬ መላ ፈጠረች፤ ሞልቱ ሲተኛ እሳቱን ታነዳለች፣ ሳሉ ሲነሣ ፍሙን አመድ ታለብሰዋለች። ጧት ጧት በራዶቹን እያነሣች ጉንጯን ታስነካለች፤ ጭቃ ካልደረቀ ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል። ቀጥላ እጇን ሞልቱ ግንባር ላይ ታደርጋለች። በራዱ ቀዝቃዛ፣ ሰውየው ትኩስ። መሆን የነበረበት ግልብጡ ነው።

አንድ ቀን ሳሉ አላቆም ብሎት ስታይ ውሃ አምጥታ ምድጃው ላይ ደፋችው። ሞልቱ ትንፋሹ ሲመለስለት ፊቱን ወደ ጠፋው እሳት አዞረ።

«ለምን አጠፋሽው?»

«ጭሱ ገደለህ።»

«እኔ እንደሆነ ሟች ነኝ። ጋሪ ላይ ግን አልወጣም። አንድጅው፣ ጤናዬ።»

እሳቱን መልሳ አቀጣጠለችው፤ እያለቀሰች ቢሆንም ጭሱ ስላለ ማልቀሷ አልታወቀባትም።

የነሐሴው ስብሰባ ሲቃረብ ሞልቱ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው። የጀመረውን ቃል ትቶ ይተኛል፣ ሲነቃ ሌላ ይጀምራል። በራዶቹ ግን መጋጠሚያቸው ላይ አሁንም ይቀዘቅዙ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትጠብቃለች። አሁን ግን ጭቃው እስኪደርስ ሰውየው የሚቆይ አልመሰላትም። ዝናቡ ጋብ ባለበት ጧት እሳት አስገብቼ ልተኩሰው ብላ ቆረጠች፤ ጥፋት መሆኑን እያወቀች ቆረጠች።

ደረቅ እንጨት የሰጣት ኦቦ ሮበሌ ነው። ሮበሌ የዚያው ያገሩ ሰው፣ አባቱም አያቱም እዚያው ያረሱ ገበሬ ነው፤ የእድሩም አባል ነው። ከበረቱ ጣሪያ ሥር ያቆየውን ፍልጥ በአህያ አራግፎላት፣ አመስግኚኝ ሳይል ሄደ። ጤናዬ ከጓሮ በቆፈረችው ጉድጓድ ኩበት አነጠፈች፣ በራዶቹን ደረደረች፣ እንጨቱን ከመረች፣ በላዩ ሣርና ገል ደፋችበት። ቀጥላ ያደረገችው ያስቀኛል። ጉድጓዷን ዙሪያውን በሰሌን ከለለችው። ለምን? የመንገደኛ ዓይን አርፎበት እንዳይፈነዳባት! በዓይኗ ትበላለች የምትባለው ሴት እሷም ዓይን ትፈራለች። ድንቁርና እንደ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ነው፤ ለሁሉም ይዳረሳል።

እሳቱ ሲግል የመጀመሪያው በራድ ጧ ብሎ ፈነዳ። ሞልቱ ከውስጥ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እንጨት ነው አለችው። ሁለተኛው ፈነዳ፤ እንጨት ነው አለችው። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ፤ እሷ ግን በየፍንዳታው መካከል ያለውን ዝምታ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጥ ነበር። አመዱ ሲቀዘቅዝ የተረፉት ግማሽ አይሞሉም። የተረፉት ግን ጥሩ ነበሩ፤ ከታች ጠቆር፣ ወደ አፍ ቀላ ያሉ፣ በጣት ሲያንኳኳቸው እንደ ደወል የሚጮኹ። ውሃ አፍልታባቸው አሟሸቻቸውና በቅርጫት ተሸክማ ወጣች።

ስብሰባው አቶ ቸኮል ግቢ ነበር። ተሾመች በአዲሶቹ በራዶች ሻይ አፈላች። ዘነበ፤ ሰው ተጠጋግቶ ጠጣ፤ ደገመ። ትኩስነቱን አመሰገኑ፣ የቅርንፉዱን ሽታ አመሰገኑ፤ አንዱ ሽማግሌ የባሕር ማዶ ዕቃ ይመስላል አለ። ጤናዬ አጥሩ ሥር በዝናብ ቆማለች። ለእሷ የቀዳላት የለም፣ ወደ ውስጥ ግቢ ያላትም የለም። ዓይኗን ከአቶ ቸኮል አፍ ላይ አልነቀለችም።

አቶ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። በራዱ እሳት ያለፈበት ስለሆነ እሳት ደግሞ ሁሉን ስለሚያነጻ፣ እድሩ በምስጋና ተቀብሎታል አሉ። የሠሪዋ ባል ጉዳይ ግን ጥናት የሚያስፈልገው በመሆኑ ወደፊት እናየዋለን አሉ። እንዲህ ሆኖ በራዱ የእድር አባል ሆነ፣ ሰውየው ውጭ ቀረ።

ጤናዬ ከአጥሩ ሥር ተናገረች።

«በራዶቼን መልሱልኝ።»

ሳቁባት። ተሾመች አሁንማ እኮ ጠጥተንበታል፣ ምኑን እንመልሳለን አለች። ይህን ጊዜ ሮበሌ ብርጭቆውን እንደያዘ ካግዳሚው ተነሣ።

«ዳኛው፣ ወይዘሮዋ እውነት ብላለች፤ ጠጥታችኋል። እንግዲህ ይቺ ሴት ሰው ትበላለች የምትሉ ከሆነ ተበልታችሁ አብቅታችኋል፤ ሆዳችሁን ያዙና ወደየቤታችሁ ግቡ። አትበላም ካላችሁ ደግሞ የባሏን ስም አስገቡ። ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ መጠጣት አይቻልም።»

ይህን ብሎ የእሱን ሻይ ጨለጠውና ተቀመጠ።

አንዱ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። የባሕር ማዶ ዕቃ ነው ያለው ሽማግሌ አማተበ። ተሾመች እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፤ ከሁሉም አብልጣ የጠጣችው እሷ ናት፣ ያውም ከቤቷ ጀምራ። አሁን ተራው የእነሱ ሆነ፤ ጤናዬ ስትፈራው የከረመችውን ያህል በአንዴ ፈሩ። አቶ ቸኮል ብርጭቋቸውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። ሕግ አልጠቀሱም፣ ጥናት አላሉም።

«ስሙ ይግባ» አሉ፤ «ኧረ አሁኑኑ ይግባ።»

ፍትሕ መካኒሳ የገባችው እንዲህ በሆድ በኩል ነው። በልብ በኩል ብትጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ደጅ ትጠና ነበር።

ጤናዬ ሮጣ ቤቷ ገባችና ምድጃውን አጠፋች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ለሞልቱ ነገረችው። ሰምቶ እንደሆነ አላወቀችም፤ ዓይኑን ከድኖ አየሩን ይስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ጳጉሜን አለፈ፣ ዕንቁጣጣሽም አለፈ፤ ሞልቱ ጭስ በሌለበት ቤት ውስጥ ሰነበተ። እሷ ግን ዕረፍት አላገኘችም። ሆዳቸውን ሳያማቸው በሰነበቱ ቁጥር ፍርሃታቸው ይለቃቸዋል፤ ፍርሃታቸው ሲለቃቸው ስሙን ያወጡት ይሆን? እንዲቆይላት ትጸልያለች፤ ብዙ ከቆየም ይረሱታል ብላ ትሰጋለች።

በመስቀል ሰሞን አንድ ጧት ሞልቱ ሞተ። የምትልከው ሰው ስለሌላት ራሷ ሄደች። አቶ ቸኮል ቁርስ ላይ ነበሩ። ነገረቻቸው። እጃቸውን በፎጣ ቀስ ብለው ጠረጉ፣ ጣት በጣት። እናየዋለን የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ስትወጣ አስቀድማ ታያት ነበር። ቃሏ አልወጣችም። ጥሩምባ ነፊው ተጠራ፤ የሞልቱ ስም በመካኒሳ ላይ ታች ተለፈፈ። ሰው መጣ። ድንኳን ተተከለ፤ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ሀና ማርያም ድረስ ተሸከሙት፤ አቶ ቸኮልም በፊት በኩል አንድ ጥግ ያዙ፣ ጃንጥላቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ጤናዬ አጎንብሳ ከተቆፈረው አፈር ጭብጥ አነሣች። እጇ ልማዱን ነው ያደረገው፤ በሁለት ጣቷ አሸችው፣ አድበለበለችው። ጠጠር የሌለው፣ የሚለጠጥ፣ ሞልቱ ዕድሜውን በሙሉ ወንዝ ለወንዝ የፈለገው ዓይነት ጭቃ ነበር። ተሾመች አየች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና አጠገቧ ላለችው ሴት አንሾካሾከች፤ የመቃብር አፈር ለመተት ይዛለች። ወሬው ከነጠላ ወደ ነጠላ፣ ከነጠላ ወደ ጋቢ ተሻገረ። አካፋ የያዙት ሰዎች ቀና አሉ፤ አንዱ አካፋውን መሬት ላይ አቆመ።

ጤናዬ ሁሉንም ሰምታለች። አፈሩን ጣለች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ካካፋው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ቆመች። ሮበሌ አካፋ ያቆመውን ሰው ጠጋ ብሎ አካፋውን ከእጁ ወሰደና አፈሩን መለሰ። ሌሎቹም ተከተሉ። ነገ የሚሉትን ይበሉ፤ ከፈለጉ ስሙን ከእድር ያውጡት። የተቀበረን ሰው መልሶ የሚያወጣ እድር የለም።

እሷ ግን የመጨረሻው ድንጋይ እስኪደረደር ድረስ አላመነችም። ተደረደረ።