ግንባራቸውን የሸሸጉ ነጋዴዎች

ባለፈው ወር፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ ሰርግ ላይ ተክሉን አየሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፤ አፉ ግን ያው ነው። ክትፎውን እየጎረሰ አዲሱ የመብራት ቆጣሪ ወሬያችንን እንደሚቀዳ ያስረዳል፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ጎልማሶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በምን አወቅህ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

በኮሮና ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ ቶኮዛ ሄጄ የአጎቴን የማርቆስን ስፓዛ፣ በብረት ፍርግርግ የሚሸጥበትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አግዝ ጀመር። የሰኔ ብርድ እዚያ ደረቅ ነው፤ ጠዋት ከጎረቤት የምንገዛው ትኩስ ማግዊኛ፣ ያ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ባይኖር ከፍርግርጉ ጀርባ መቆም አይቻልም ነበር። አጎቴ የዕቃውን ሁሉ ዋጋ በቃሉ ይዞ ነው የሚነግደው። የሰፈሩ ሀበሻ ነጋዴ ሁሉ እንደዚያ ነበር።

ተክሉ፣ የሰፈራችን የቴሌግራም ሊቅ፣ የት እንደሚመታቸው ያውቃል። ጀርሚስተን ዕቃ የምናነሳበት ሆልሴል፣ የጅምላ መደብሩ፣ በር ላይ ጥበቃው ግንባር ላይ የሚደግነው የሙቀት መለኪያ “የማስታወስ ችሎታን ይደመስሳል” ብሎ አወጀ። በማግስቱ ጎምቱ ነጋዴዎች በግንባራቸው ፋንታ ብርድ የበላውን የእጅ አንጓቸውን ይዘረጉ ጀመር። በቀዘቀዘ እጅ ትኩሳት እንደማይታይ ለማሰብ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

“መሣሪያው ከገላ የሚወጣውን ሙቀት ይለካል እንጂ ምንም አይረጭም” ብል ማን ይስማኝ። እኔም መለኪያ ገዛሁና አጎቴና ተክሉ ፊት ግንባሬ ላይ ደጋግሜ ደገንኩት።

“በሉ፣ ዋጋ ጠይቁኝ።”

ሳሙናውን፣ ዘይቱን፣ ሻማውን ጠየቁኝ። አንዱንም አልሳትኩም።

ተክሉ ፈገግ አለ። “ዋጋውንስ አስታወስሽ። የረሳሽውን ግን በምን ታውቂያለሽ?”

አጎቴ በአድናቆት ሳቀ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ብታሳዩት የሚሾልክበት ቀዳዳ አያጣም፤ ሰሚው ደግሞ ማምለጡን እንደ ጥበብ ይቆጥርለታል።

ሐምሌ ላይ አጎቴ መሳል ጀመረ። ገላው ያቃጥላል። ክሊኒክ እንሂድ አልኩት።

“ዛሬ ሆልሴል በር ላይ እጄን ለክተው ደህና ነህ ብለውኛል። ብርድ ነው” አለኝ።

መለኪያዬን ሳወጣ ግንባሩን በመዳፉ ሸፈነ። ሐኪም ቤት የወሰድነው መተንፈስ ሲያቅተው ነው፤ ከዚያ አልተመለሰም።

ልቅሶው ላይ ተክሉ አጠገቤ ተቀመጠ። “አንድ ቀን ሳያስበው ግንባሩ ላይ ደግነውበት ይሆናል፤ እሱ ነው የገደለው” አለኝ።

በሰርጉ ዕለት ሳህኔን አስቀምጬ ጠጋ አልኩት። “ጋሽ ተክሉ፣ ምን ቢያዩ ነው ተሳስቻለሁ የሚሉት?”

“ምን ማለትሽ ነው?” አለ ቅር ብሎት።

ሳይንስ የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው። ለእሱ ግን ስድብ ሆነችበት። ዘመዶቼ አጎትሽን የገደለው ኮሮና እንጂ ተክሉ አይደለም፣ ይቅር በዪው ይሉኛል። እኔ የተክሉን እጅ አልጨብጥም።